የተባረረው ምስክር፦ ጆርጅ ስቲር በአዲስ አበባ

ከጉርድ ሾላ ተነስቶ በመገናኛ አልፎ ወደ ቀበና የሚሄድ ሰው የደጃዝማች ፍቅረ ማርያም አባ ተጫንን ስም በተሸከመው መንገድ ያልፋል። በዚያው አቅጣጫ፣ ከየካና ከእንጦጦ ተራሮች ግርጌ፣ በባሕር ዛፍ የተሸፈነ ሰፊ ግቢ አለ፤ የእንግሊዝ ኤምባሲ ነው። ቦታውን ለእንግሊዞች የሰጡት ዳግማዊ ምኒልክ ናቸው። በ1928 ዓ.ም. ጉርድ ሾላና ኮተቤ ገና የከተማው ዳርቻ ሜዳና እርሻ በነበሩበት ዘመን፣ ይህ ግቢ «የእንግሊዝ ሌጋሲዮን» ይባል ነበር። በዚያ ዓመት ሚያዝያ ወር መጨረሻ አዲስ አበባ ስትነድ፣ ግቢው በእሳት ባሕር መካከል የቀረ ደሴት ሆኖ ሰነበተ። በውስጡ ከተጠለሉት አንዱ የለንደኑ «ታይምስ» ጋዜጣ ዘጋቢ፣ የ26 ዓመቱ ጆርጅ ስቲር ነበር።

ስቲር እ.ኤ.አ. በ1909 በደቡብ አፍሪካ፣ ኢስት ለንደን በምትባል የወደብ ከተማ ተወለደ። አባቱ በከተማይቱ ጋዜጣ በ«ዴይሊ ዲስፓች» በኃላፊነት ይሠራ ስለነበር፣ ልጁ ያደገው ዜና ሲሰበሰብና ሲታተም እያየ ነው። ለትምህርት ወደ እንግሊዝ ተልኮ በዊንቸስተር፣ ከዚያም በኦክስፎርድ የግሪክና የሮማን ጥንታዊ ሥነ ጽሑፍ አጠና። ውጤቱ ከፍተኛ ስለነበር ሌላ ሙያ ሊመርጥ ይችል ነበር፤ እሱ ግን ወደ ደቡብ አፍሪካ ተመልሶ በኬፕታውን «ኬፕ አርገስ» ላይ የወንጀልና የስፖርት ዜና ዘጋቢ ሆነ። ፖሊስ ጣቢያ እየተመላለሱ ማን ምን እንዳየ፣ ስንት ሰዓት ላይ እንዳየ መጠየቅ የዚያ ሥራ ሀ ሁ ነው። ይህ ልማድ በኋላ በጦር ሜዳ ሁሉ አብሮት ዞሯል።

ከኬፕታውን ወደ እንግሊዝ ተመልሶ «ዮርክሻየር ፖስት» ገባ። እ.ኤ.አ. በ1935 መጀመሪያ የዛር ግዛት ሕዝብ ከጀርመን ጋር ለመቀላቀል ድምፅ ሲሰጥ ሄዶ ዘገበ። በዚያው ዓመት የአውሮፓ ዓይን ወደ ኢትዮጵያ ዞረ። ኅዳር 26 ቀን 1927 ዓ.ም. በወልወል የኢትዮጵያና የኢጣሊያ ወታደሮች ተጋጭተው ስለነበር፣ ሙሶሊኒ ጦር ማከማቸት ይዟል። «ታይምስ» ወጣቱን ዘጋቢ ቀጠረና ወደ አዲስ አበባ ላከው። ስቲር የደረሰው በክረምቱ መካከል፣ በሐምሌ 1927 ነው።

ከተማዋ ጋዜጠኛ በጋዜጠኛ ሆናለች። ከአውሮፓና ከአሜሪካ የመጣው ዘጋቢና ፎቶግራፍ አንሺ ከመቶ በላይ ሲሆን፣ ሆቴል ሞልቶ የሚተርፈው በየጀርመኑና በየግሪኩ ቤት ይከራያል። የኢትዮጵያ መንግሥት የፕሬስ ጉዳይ ቢሮ አቋቁሞ፣ በፈረንሳይ አገር ሕግ የተማሩትን ሎሬንሶ ታእዛዝን ሾመበት። ወደ ጦር ግንባር ለመሄድ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ፈቃዱ ግን አይመጣም። ስለዚህ አብዛኛው ዘጋቢ አዲስ አበባ ቁጭ ብሎ ወሬ ለቃሚ ሆነ። ነሐሴ 24 ቀን ሪኬት የተባለ እንግሊዛዊ ነጋዴ የአገሪቱን ግማሽ የሚያህል የነዳጅ ፍለጋ ውል ፈርሞ የወጣ ጊዜ ዓለም ተንጫጫ፤ ውሉ ግን ሳምንት ሳይሞላው ፈረሰ። የ«ዴይሊ ሜይል» ዘጋቢ የነበረው ደራሲ ኢቭሊን ዎ በወቅቱ ከከተማው ውጭ ስለነበር ወሬው አመለጠው። ዎ ለኢጣሊያ የሚያደላ ሰው ነበር፤ ያን የጋዜጠኞች ግርግር ሁሉ እ.ኤ.አ. በ1938 «ስኩፕ» በተባለ ልቦለዱ መሳቂያ አድርጎታል።

ስቲር ከነዎ የተለየው በሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ኢትዮጵያውያንን እንደ ትርኢት አላያቸውም፤ ቤተ መንግሥት ሲገባ ከንጉሠ ነገሥቱ፣ ሲወጣም ከወጣት ሹማምንቱ ጋር ይነጋገር ነበር። ሁለተኛ፣ ወሬውን ፍለጋ ሄደ። ጦርነቱ ከመጀመሩ በፊት ፈቃድ አግኝቶ በጅጅጋና በደገሃቡር በኩል ወደ ኦጋዴን ወረደ። በቆራሄ፣ የሶማሌው የጦር መሪ የሰይድ መሐመድ ዓብዲሌ ሐሰን የድሮ ምሽግ ባለበት፣ ግራዝማች አፈወርቅ ወልደ ሰማያትን አገኘ። አፈወርቅ ጥቂት መትረየስና አንድ ፀረ አውሮፕላን መድፍ ይዘው፣ ውኃ በሌለበት በረሃ ወታደር የሚያሰለጥኑ ሹም ነበሩ። ስቲር የሰውዬውን ሥርዓት፣ ንቃትና ቁርጠኝነት አይቶ ተደነቀ፤ በኋላ በጻፈው መጽሐፍ ውስጥም ከፍ ያለ ቦታ ሰጣቸው።

መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ኢጣሊያ ጦርነት ሳታውጅ መረብን ተሻገረች። በጥቅምት መጨረሻ ገደማ ቆራሄ በአውሮፕላን ተደበደበች። አፈወርቅ መድፋቸው ላይ እንዳሉ ቆሰሉ፤ ወታደሩ እንዳይፈታ ፈርተው ምሽጉን ለቅቀው ለሕክምና መሄድን እንቢ አሉ፤ በዚያው ቁስል ሞቱ። ኅዳር 26 ቀን፣ ወልወል በሆነ ልክ በዓመቱ፣ ንጉሠ ነገሥቱ ያሉባት ደሴ ከሰማይ በወረደ ቦምብ ነደደች። በታኅሣሥ የተከዜ ሸለቆ ላይ የመርዝ ጋዝ ወረደ። ቀይ መስቀል የተሳለበት ድንኳንም አልተረፈም።

ዓለም የጋዙን ወሬ ለማመን አመነታ። ኢጣሊያ ትክዳለች፣ አንዳንዱ ጋዜጣም ክህደቱን ከክሱ እኩል ያትማል። ስቲር በዚህ ወቅት የተማረው ነገር የቀረውን ዕድሜውን ወሰነው፤ እንዲህ ባለ ክርክር ውስጥ ጩኸት አይረታም፣ የሚረታው ማስረጃ ነው። ስለዚህ ከግንባር የመጣውን ቁስለኛ፣ ሐኪሙን፣ የቀይ መስቀሉን ሰው እየጠየቀ ቦታውን፣ ቀኑን፣ የቁስሉን ዓይነት መዘገበ። በአዲስ አበባ የእንግሊዙ ሚኒስትር የሰር ሲድኒ ባርተን ባለቤት ከሴቶች ጋር ሆነው የጋዝ ጭምብል ያሰፉ ነበር። በሚያዝያ የኢጣሊያ ጦር ከደሴ ወደ ሸዋ ሲገሰግስ፣ ስቲር ከሆለታ የጦር ትምህርት ቤት ወጣት ዕጩ መኮንኖች ጋር እስከ ጣርማ በር ድረስ ሄደ። ልጆቹ ጠላትን በገደሉ አፍ ላይ ለማቆም ተስፋ ነበራቸው፤ መንገዱ ግን ብዙ ሳይቆይ ተከፈተ።

ሚያዝያ 24 ቀን ጠዋት ንጉሠ ነገሥቱ በባቡር ወደ ጅቡቲ ሄዱ። ከዚያ በፊት በተደረገው ምክር አብዛኞቹ መኳንንት ወደ ጄኔቭ ሄደው እንዲከራከሩ ሲመክሩ፣ ብላታ ታከለ ወልደ ሐዋርያትን የመሳሰሉ ጥቂቶች ደግሞ መውጣታቸውን በብርቱ ተቃውመዋል። ባቡሩ እንደወጣ ከተማዋ ያለ ገዥ ቀረች። ሱቅ ተሰበረ፣ ገበያው ተቃጠለ፣ ጠመንጃ የያዘ ሁሉ ተኮሰ። በማግስቱ፣ ቁስለኛ ሲያነሱ የነበሩት የእንግሊዝ የአምቡላንስ ቡድን መሪ ዶክተር ጆን ሜሊ መንገድ ላይ በጥይት ተመቱና ከሁለት ቀን በኋላ ሞቱ።

የውጭ አገር ሰዎች ወደየሌጋሲዮኑ ሸሹ። በየካ ግርጌ ባለው የእንግሊዝ ግቢ ከልዩ ልዩ አገር የመጡ ከሺህ በላይ ሰዎች ተጠለሉ፤ ግሪኩ፣ አርመኑ፣ ሕንዱ፣ ዓረቡ በየድንኳኑ ሰፈረ። አጥሩን የሚጠብቁት ከሕንድ የመጡ የሲክ ወታደሮች ነበሩ፤ በጭነት መኪና እየወጡም በየሰፈሩ የተከበቡትን ያመጣሉ። በከተማው ሌላ ጫፍ ያለው የአሜሪካ ሌጋሲዮን በተኩስ ሲጨነቅ፣ ወደ እንግሊዞች መልእክት የሚያደርስበት መንገድ ስላልነበረው በራዲዮ ዋሽንግተንን ጠራ። ዋሽንግተን ለለንደን ነገረ፣ ለንደን መልሶ አዲስ አበባ ላለው ሌጋሲዮኑ አስተላለፈ። ጥቂት ኪሎ ሜትር ለሚርቅ እርዳታ መልእክቱ ውቅያኖስ ተሻግሮ ተመለሰ።

ስቲር በዚያ ግቢ ውስጥ ሥራውንም ኑሮውንም ቀጠለ። «ለ ዡርናል» ለተባለው የፓሪስ ጋዜጣ የምትሠራውን ዘጋቢ ማርጋሪታ ደ ኤሬሮን እዚሁ ሌጋሲዮን ውስጥ፣ ውጭ ተኩሱ እየተሰማ አገባ። ሚያዝያ 27 ቀን ከሰዓት በኋላ የማርሻል ባዶልዮ ሠራዊት ከደብረ ብርሃን በኩል መጥቶ በመኪና ሰልፍ ከተማዋ ውስጥ ገባ።

አዲሶቹ ገዥዎች ስቲርን ለማባረር ብዙ ቀን አልፈጀባቸውም። ከቀረቡበት ክሶች መካከል በኢጣሊያ ላይ ፕሮፓጋንዳ መንዛትና ለኢትዮጵያ ወታደሮች የጋዝ ጭምብል ማድረስ ይገኙበታል። በግንቦት ወር ከነባለቤቱ በባቡር ተሸኘ። አዲስ አበባ ላይ ያየውን ሁሉ ይዞ ለንደን ገባና «ቄሳር በአቢሲኒያ» የሚል መጽሐፍ በዚያው ዓመት አሳተመ። ንጉሠ ነገሥቱም ሰኔ 23 ቀን በጄኔቭ ስለ መርዙ ጋዝ ለዓለም መንግሥታት ማኅበር ተናገሩ። ማኅበሩ ግን ከጥቂት ቀናት በኋላ በኢጣሊያ ላይ የጣለውን ማዕቀብ ለማንሳት ተስማማ።

ስቲርን የመሰሉ ሰዎች ከወጡ በኋላ በከተማዋ የሆነው ነገር ምስክር አነሰው። ሐምሌ 21 ቀን 1928 ዓ.ም. አርበኞች አዲስ አበባን ከበው ገቡ፤ ደጃዝማች ፍቅረ ማርያም ከመሪዎቹ አንዱ ነበሩ። ጥቃቱ ተመለሰ፣ በማግስቱም አቡነ ጴጥሮስ በአደባባይ ተረሸኑ። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በኢጣሊያው እንደራሴ በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ተወረወረ፤ ለሦስት ቀን የከተማው ሕዝብ በጥይት፣ በአካፋና በእሳት አለቀ። በግንቦት ተራው የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት ሆነ። አዲስ አበባ የቀሩት ዲፕሎማቶች ያዩትን ለየመንግሥታቸው በምስጢር ጻፉ፤ ወረቀቱ በመዝገብ ቤት ተቀመጠ። በማግስቱ ጋዜጣ ላይ ስሙን አስፍሮ «እኔ እዚያ ነበርኩ፣ ያየሁት ይህ ነው» የሚል ዘጋቢ ግን አልነበረም።

ከየካቲት 12 ሁለት ወር በኋላ የሆነው ነገር ልዩነቱን ያሳያል። በጥር ወር ማርጋሪታ በወሊድ ሞታ ነበር፤ ሕፃኑም አልተረፈም። ስቲር ሐዘኑን ይዞ በስፔን የእርስ በርስ ጦርነት ወደተከበበችው ወደ ቢልባኦ ሄደ። ሚያዝያ 18 ቀን 1929 ዓ.ም.፣ ሰኞ፣ የገበያ ቀን፣ የጀርመንና የኢጣሊያ አውሮፕላኖች የባስኮችን ጥንታዊ ከተማ ጌርኒካን ለሦስት ሰዓት ያህል ደበደቡ። ስቲር ቢልባኦ እራት ላይ ሳለ ሰማ። በዚያው ሌሊት በመኪና ሄዶ ከተማዋ ስትነድ ደረሰ። የተረፉትን ጠየቀ፣ ከፍርስራሹም ሦስት የእሳት ቦምብ ቀለህ አነሳ፤ በላያቸው የጀርመን ፋብሪካ ምልክትና 1936 የሚል ዓመት ተቀርጿል።

ዘገባው ሚያዝያ 20 ቀን በ«ታይምስ»ና በ«ኒውዮርክ ታይምስ» ወጣ። ጽሑፉ የሚያለቅስ ጽሑፍ አይደለም። ስንት ሰዓት ላይ ደወል እንደተደወለ፣ አውሮፕላኖቹ በምን ቅደም ተከተል እንደመጡ፣ ከባዱ ቦምብ ከየት፣ የእሳቱ ቦምብ መቼ እንደወደቀ በተራ በተራ ያስረዳል፤ ድብደባው ሕዝብን ለማሸበር ሆን ተብሎ የተደረገ መሆኑንም ከዚያ ይደመድማል። ባስኮችን ይወጋ የነበረው የጄኔራል ፍራንኮ ወገን ከተማዋን ያቃጠሉት ራሳቸው ባስኮች ናቸው ብሎ ሲክድ፣ ቀለሁና ሰዓቱ ክህደቱን አፈረሱት። በፓሪስ ወሬውን ያነበበው ፒካሶ ታዋቂውን ሥዕሉን ጀመረ።

ይህ ዘገባ የተጻፈው ጌርኒካ ውስጥ ብቻ አይመስለኝም። ከሰማይ የሚወርድ እሳት ሲቪል ከተማ ላይ ምን እንደሚሠራ፣ ከዚያም አድራጊው እንዴት እንደሚክድ ስቲር አስቀድሞ የተማረው ኢትዮጵያ ነው። የጌርኒካ ሰዎች ያንን ምስክርነት ያገኙት በከፊል በደሴና በቆራሄ ሰዎች ሞት በተገኘ ትምህርት ነው። በየካቲት አዲስ አበባ ውስጥ አንድ እንዲህ ያለ ዘጋቢ ቢኖር ኖሮ የሞቱት አይነሱም ነበር፤ ዓለም ግን «አልሰማሁም» የሚልበት አፍ አይኖረውም ነበር።

ስቲር ከዚያ በኋላ ስለ አፍሪካ ቅኝ ግዛቶች መጻሕፍት ጻፈ፣ የፊንላንድንም ጦርነት ዘገበ። እ.ኤ.አ. በ1939 የሰር ሲድኒ ባርተንን ልጅ ኤዝሚን አገባ፤ እሷም የአዲስ አበባውን ግቢ የምታውቅ ነበረች። ወንድ ልጃቸው በለንደን በቅዱስ ጳውሎስ ካቴድራል ሲጠመቅ ክርስትና ያነሱት በስደት ላይ የነበሩት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ናቸው።

ሰኔ 3 ቀን 1932 ዓ.ም. ሙሶሊኒ ከእንግሊዝ ጋር ጦርነት ገጠመ። የእንግሊዝ መንግሥት አራት ዓመት ችላ ያላቸውን ንጉሠ ነገሥት አሁን ፈለጋቸው። በዚያው ወር በባሕር ላይ በሚያርፍ አውሮፕላን፣ በሐሰት ስም፣ በማልታና በእስክንድርያ በኩል ወደ ሱዳን ጉዞ ጀመሩ። አብረዋቸው ከነበሩት መካከል የቀድሞው የፕሬስ ቢሮ ኃላፊ ሎሬንሶ ታእዛዝ፣ ጸሐፊያቸው ወልደ ጊዮርጊስ ወልደ ዮሐንስና፣ የመኮንን ልብስ የለበሰው ጆርጅ ስቲር ይገኙበታል። በ1927 አንዱ ፈቃድ ሰጪ፣ ሌላው ፈቃድ ጠያቂ የነበሩት ሁለት ሰዎች አሁን በአንድ ወገን ተሰለፉ።

በካርቱም ስቲር የፕሮፓጋንዳ ክፍል አቋቋመ። አማርኛውን የሚጽፉት፣ የሚያርሙት፣ ፊደሉን የሚለቅሙት ስደተኛ ኢትዮጵያውያን ነበሩ። የንጉሠ ነገሥቱ አዋጅ ሞዓ አንበሳ ማኅተም ታትሞበት በእንግሊዝ አውሮፕላን በጎጃምና በቤጌምድር ላይ ተበተነ። ከሰማይ እሳት ሲወርድበት የኖረ ገበሬ አሁን ወረቀት ሲወርድ አየ፤ ማኅተሙን የለየውም ተሳለመው። ክፍሉ «ባንዲራችን» የተባለ የአማርኛ ጋዜጣም እያተመ በድንበር አሻግሮ ለአርበኞች ይልክ ነበር። ለኢጣሊያ ያደሩት ወታደሮች መሣሪያቸውን ይዘው እንዲመለሱ የሚጠሩ ወረቀቶችም ተጨመሩ።

ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ኦሜድላ ላይ ሰንደቅ ዓላማ ተከሉ። ከጎጃሙ ጦር ጋር ድምፅ ማጉያ አብሮ ተጓዘ፤ በከረን ጦርነትም የስቲር ክፍል በአገሬው ቋንቋ ከድንጋይ ምሽጉ ማዶ ላሉት የኤርትራ ወታደሮች ይለፍፍ ነበር፤ ከእነሱም ብዙዎች ከዱ። ሚያዝያ 27 ቀን፣ ባዶልዮ በገባ በአምስት ዓመቱ፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ አዲስ አበባ ገቡ። ግንቦት 30 ቀን «አዲስ ዘመን» ጋዜጣ ተወለደ፤ በዚያው ዓመት «ሰንደቅ ዓላማችን»ም በአማርኛና በዓረብኛ ወጣ።

ስቲር የዘመቻውን ታሪክ እ.ኤ.አ. በ1942 መጽሐፍ አድርጎ አሳተመ፤ ከዚያ ወደ ምሥራቅ ተላከ። በሕንድና በበርማ ግንባር ለጃፓን ወታደሮች በድምፅ ማጉያ የሚናገር ክፍል ይመራ ነበር። ታኅሣሥ 16 ቀን 1937 ዓ.ም.፣ በፈረንጆች የገና ዕለት፣ ቤንጋል ውስጥ የሚነዳው ጂፕ ተገልብጦ በ35 ዓመቱ ሞተ። የባስክ መሪዎች የሰጡት የወርቅ ሰዓት እጁ ላይ ነበር። ዛሬ ጌርኒካ ውስጥ ሐውልት፣ ቢልባኦ ውስጥ በስሙ የተጠራ መንገድ አለው።

ለእኛ የስቲር ሕይወት ሁለት ትምህርት ትቷል፤ ሁለቱም አይጣጣሙም። በ1928 የነበረው ስቲር ያየውን በሰዓትና በቦታ የሚጽፍ፣ ጠላት የፈራው ምስክር ነው። በ1933 የነበረው ስቲር ደግሞ አንድን ወገን ለማሸነፍ ቃል የሚመርጥ መኮንን ነው። ያኔ ወራሪ በአገር ላይ ስለነበር ሁለተኛው ሥራ የሚያሳፍር አልነበረም። ችግሩ የሚመጣው ጦርነቱ ካለቀ በኋላ ጋዜጣው ልፈፋውን ሳይተው ሲቀር ነው። ከነፃነት በኋላ የተወለዱት ጋዜጦቻችን የመንግሥት ነበሩ፤ ለአሥርተ ዓመታትም ሥራቸው ሰንደቁን ማውለብለብ እንጂ በየሰፈሩ ማን ምን እንዳየ መጠየቅ አልነበረም። ከ«ባንዲራችን» አታሚ ይልቅ የቆራሄውን ዘጋቢ ብንወርስ ይሻለን ነበር። እሱን ያባረሩት ፋሺስቶች የአንድ ነገርን ዋጋ አሳምረው ያውቁ ነበር፤ የፈሩት ለኢትዮጵያ ያለውን ፍቅር አልነበረም፣ የማስታወሻ ደብተሩን ነበር።